ከባሕር እስከ ባሕር፦ የት ልፍጠን፣ የት ልዝገም

አሜሪካን ከአንዱ ባሕር እስከ ሌላው በመኪና ለማቋረጥ ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "በየት በኩል ብሄድ ይሻላል?" ብሎ ነው። እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቃለሁ፦ በቀን ስንት ሰዓት መንዳት ትፈልጋለህ? ይህ ሳይታወቅ መንገድ መምረጥ የክፍሉን ስፋት ሳይለኩ ምንጣፍ እንደመግዛት ነው።

ስልካችን ላይ ያለው ካርታ ይህን አይጠይቅም። ከዋሽንግተን ዲሲ ሳን ፍራንሲስኮ ብላችሁ ብትጽፉለት ወደ 2,800 ማይል የሚጠጋ መስመር ያሰምርላችኋል። ከ40 ሰዓት በላይ ይፈጃል ይላችኋል። በዚያ ሰዓት ውስጥ እንቅልፍ የለም። ምሳ የለም። ከኋላ ወንበር "ሽንቴ መጣ" የሚል ልጅ የለም። መስመሩም የተመረጠው በደቂቃ ብቻ ነው። ሌላኛው መንገድ ወንዝ ተከትሎ፣ ተራራ ታክኮ የሚሄድ ቢሆንም ግማሽ ሰዓት ካስረዘመ ካርታው ወደ ጎን ይገፋዋል። በካርታው አልፈርድም። የተጠየቀውን ነው የመለሰው። ጥያቄውን ማስተካከል የኛ ፋንታ ነው።

ይህን አገር በተለያየ ወቅትና በተለያየ መስመር ካቋረጥኩ በኋላ አጥብቄ የያዝኩት አንድ ነገር አለ። ሙሉውን ጉዞ የሚሸፍን አንድ ምርጥ መንገድ አልፈልግም። መጀመሪያ የምወስነው የት ላይ ቀስ እንደምል ነው። ያ ከተወሰነ የቀረውን በትልቁ ሀይዌይ እከንፋለሁ፤ ምንም ሳይቆጨኝ። ብዙ ሰው ግን ሁሉንም በእኩል ፍጥነት ሊያየው ይነሳል። በፍጥነት ሊታለፍ በሚችለው ቦታ ይደክማል። ሊቆም የሚገባበት ቦታ ሲደርስ ቀኑ አልቆበታል።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከሰዓቱ ልጀምር። እዚህ አገር የከባድ መኪና ሾፌር 10 ሰዓት ካረፈ በኋላ ቢበዛ 11 ሰዓት ነው የሚነዳው። የፌዴራል ሕግ ነው። 8 ሰዓት ከነዳ ደግሞ ቢያንስ 30 ደቂቃ ማረፍ አለበት። ልብ በሉ፣ ይህ ገደብ የወጣው መንዳት እንጀራው ለሆነ ሰው ነው። እንግዲህ ዓመቱን ሙሉ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ብቻ የሚነዳ ሰው "በቀን 14 ሰዓት ብነዳ በሦስት ቀን እገባለሁ" ሲለኝ እውነቱን ለመናገር እፈራለታለሁ።

ብዙ ዓመት ከባድ መኪና የነዳ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው ሰው አለ። ኢንተርስቴት ከሚባሉት ክፍለ ግዛቶችን አቋራጭ ትልልቅ ሀይዌዮች አንዱን፣ ኢንተርስቴት 80ን፣ አብጠርጥሮ ነው የሚያውቀው። ምክሩ አጭር ናት። "ልጄ፣ ሰባት ሰዓት ንዳ። ስምንተኛውን ለሚመጣው ነገር ተወው።" የሚመጣው ነገር የመንገድ ጥገና ሊሆን ይችላል። ዶፍ ዝናብ ሊሆን ይችላል። ደግ ነገርም ሊሆን ይችላል፤ ከመንገዱ ትንሽ ወጣ ብሎ ያለ፣ በካርታ ላይ ያላያችሁት ሐይቅ። እኔም በዚሁ እሄዳለሁ። በሀይዌይ ሰባት ሰዓት ማለት ከ400 እስከ 450 ማይል ነው። በትንንሹ መንገድ ግን 300 ማይልም ብዙ ነው። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ይዛችሁ ካርታ ፊት ከተቀመጣችሁ ጉዞው ስንት ቀን እንደሚፈልግ ወዲያው ይገባችኋል።

አቅጣጫም ቀኑን ይለውጠዋል። ወደ ምዕራብ ስትሄዱ አራት የሰዓት ቀጠናዎችን ታልፋላችሁ። ከአንዱ ወደ ሌላው በተሻገራችሁ ቁጥር አንድ ሰዓት ይጨመርላችኋል። ጠዋት ፀሐይ ከጀርባችሁ ናት። ከሰዓት በኋላ ግን ፊት ለፊት ትመጣለች፤ ከመጥለቋ በፊት ያለው ጊዜ ዓይን ያጠፋል። መስታወቱ ላይ የደረቁት ትንኞች ሁሉ ያበራሉ፤ ፊት ያለው መኪና ፍሬን ይያዝ አይያዝ መለየት ያቅታል። ስለዚህ ወደ ምዕራብ ስሄድ በጨለማ እነሳለሁ፣ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ገደማ አቆማለሁ። ወደ ምሥራቅ ስመለስ ነገሩ ይገለበጣል። ያኔ ፀሐይዋ ከፍ እስክትል ቁርስ ላይ ተረጋግቼ እቆያለሁ።

አሁን ወደ ካርታው። የአሜሪካ መንገዶች ቁጥር ዝም ብሎ የተለጠፈ አይደለም። ጎዶሎ ቁጥር ያለው ኢንተርስቴት ከደቡብ ወደ ሰሜን ይሄዳል። 5 በምዕራቡ ዳርቻ፣ 95 በምሥራቁ። ሙሉ ቁጥር ያለው አገሩን አግድም ይቆርጣል። 10 ከታች በደቡብ ነው። 90 ከላይ በሰሜን ነው፤ ከቦስተን እስከ ሲያትል 3,020 ማይል ገደማ ይሄዳል፣ ከኢንተርስቴቶች ሁሉ ረጅሙ እሱ ነው። ዩኤስ እየተባሉ የሚጠሩት የድሮዎቹ ሀይዌዮች ደግሞ ልክ ተገላቢጦሽ ናቸው። ዩኤስ 1 በምሥራቅ፣ ዩኤስ 101 በምዕራብ። ዩኤስ 2 በሰሜን ጫፍ፣ ዩኤስ 90 በደቡብ። ሦስት አኃዝ ያለው ኢንተርስቴት የመጀመሪያው አኃዝ ሙሉ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከተማውን የሚዞር ነው። ጎዶሎ ከሆነ ወደ ከተማው የሚገባ ቅርንጫፍ ነው። ሰው ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት ትልቅ ከተማ ስትደርሱ ይህቺ እውቀት የአንድ ሰዓት ዕድሜ ትቆጥባለች።

የወረቀት አትላስም ይኑራችሁ። ኔትወርክ የሚጠፋበት ቦታ በምዕራቡ ብዙ ስለሆነ ብቻ አይደለም። አትላስ ሲገለጥ አንድ ክፍለ ግዛት ሙሉውን ታያላችሁ፤ ስልክ ላይ ግን የምታዩት መስመራችሁን ብቻ ነው። በብዙ አትላሶች ላይ ውብ የሚባለው መንገድ ጎን ጎኑን በነጠብጣብ ይታጀባል። እኔ የመዘግያ ቦታዬን የምፈልገው እነዚያን ነጠብጣቦች በጣቴ እየተከተልኩ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ፤ ይህ ሁሉ ምርጫ ለማንም እኩል የተሰጠ አልነበረምና። በ1909 አሊስ ራምሴ የምትባል የ22 ዓመት ሴት ከማንሃታን ተነስታ ሳን ፍራንሲስኮ በ59 ቀን ገባች። አገሩን በመኪና ያቋረጠች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ሦስት ሴቶች አብረዋት ነበሩ፤ መንዳት የሚችል ግን ከእሷ በቀር አልነበረም። መንገድ ሲጠፋባቸው ብዙ ሽቦ የተሸከመውን የስልክ ምሰሶ ይከተሉ ነበር። ሽቦ የበዛበት ወደ ከተማ ይወስዳልና። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1919፣ ጦር ሠራዊቱ ከዋሽንግተን ሳን ፍራንሲስኮ የከባድ መኪኖች ሰልፍ ላከ። ጭቃውና አሸዋው መኪኖቹን እየዋጠ፣ ድልድዩ እየተሰበረ 62 ቀን ፈጀ። ከተጓዦቹ መካከል አይዘንሃወር የሚባል ወጣት መኮንን ነበር። በ1956 ፕሬዚዳንት ሆኖ የኢንተርስቴቱን ሕግ የፈረመው ያው ሰው ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚከነክነኝ ግን ሌላው ታሪክ ነው። በ1936 ቪክተር ሁጎ ግሪን የሚባል በኒው ዮርክ ሃርለም የሚኖር ፖስታ አዳይ ለጥቁር ተጓዦች የሚሆን የመንገድ መምሪያ ማሳተም ጀመረ። የትኛው ሆቴል ያሳድራል፣ የትኛው ምግብ ቤት ያስገባል፣ የትኛው ማደያ ነዳጅ ይሸጣል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጥቁር ሰው መታየት የማይችልባቸው ከተሞች ነበሩ። ለእነዚያ ቤተሰቦች መንገድ የሚመረጠው በውበቱ ወይም በርቀቱ አልነበረም። መንገዱ የሚመረጠው ማታ የት እንደሚታደር ታውቆ ነው። በ1964 የወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ነው በአደባባይ አገልግሎት መከልከልን ሕገወጥ ያደረገው። እኔ ዛሬ ስሟን በማላውቃት ትንሽ ከተማ ማደያ ቆሜ ነዳጅ ስሞላ፣ ቡናዬን ይዤ ያለ ሐሳብ "በዚህ ልሂድ ወይስ በዚያ" ስል ይህ ይታወሰኛል። መንገድ የመምረጥ ነፃነት ሰዎች የከፈሉበት ነገር ነው። ስለዚህ ለካርታው በደቂቃ ሂሳብ አሳልፌ መስጠት አልፈልግም።

አሁን ምርጫዬን በምሳሌ ላሳያችሁ። ከሁሉ የምወደው መንገድ ዩኤስ 50 ነው። በሜሪላንድ ኦሽን ሲቲ ከአትላንቲክ ዳር ይነሳል፤ እዚያ ያለው ምልክት "ሳክራሜንቶ 3073" ይላል። በሌላው ጫፍ በካሊፎርኒያ ደግሞ "ኦሽን ሲቲ 3073" የሚል ምልክት አለ። በማይል ነው። ዲሲ የምትኖሩ ሰዎች ሳታውቁት ነድታችሁበታል፤ ኮንስቲቱሽን አቬኑ ላይ ከዋሽንግተን ሐውልት አጠገብ የሚያልፈው እሱ ነው። ያው መንገድ ነው ኔቫዳ በረሃ ውስጥ ብቻውን የሚሄደው።

ታዲያ ሁሉንም በእሱ እሄዳለሁ ማለት አይደለም። ከዲሲ እስከ ካንሳስ ሲቲ ያለውን በኢንተርስቴት 70 ነው የምጨርሰው። ኦሃዮ፣ ኢንዲያና፣ ኢሊኖይ የሚታይ ነገር አጥተው አይደለም፤ ለዚህ ጉዞ የመደብኩት የዝግታ ቀን ለእነሱ ስላልሆነ ነው። በዚህ ክፍል መቆም የሚያስገድደኝ አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ እሱም በግድ። ፔንስልቬንያ ውስጥ ብሪዝውድ ላይ ኢንተርስቴቱ ራሱ ሀይዌይ መሆኑን ይተውና በማደያና በምግብ ቤት መካከል በትራፊክ መብራት ያስቆማችኋል። የያኔው ሕግ በፌዴራል ገንዘብ የሚሠራን ሀይዌይ ከክፍያ መንገድ ጋር በቀጥታ ማገናኘትን ስላከበደው የቀረ ክፍተት ነው። የበዓል ሰሞን ከሆነ ሰልፉ ረጅም ነው፤ ማለዳ እለፉት።

ካንሳስ ላይ ነው ማርሽ የምቀይረው። "ካንሳስ ምን አለው? ሜዳ ነው፤ በሌሊት እለፈው" የማይል ሰው አላገኘሁም። በኢንተርስቴት ከሄዳችሁ እንዲያ ይመስላል። ከኢምፖሪያ በዩኤስ 50 ወደ ምዕራብ ትንሽ ሄዳችሁ ስትሮንግ ሲቲ ስትደርሱ ግን ፍሊንት ሂልስ የሚባለው ኮረብታማ አገር ይከፈታል። የሰሜን አሜሪካን መሐል ይሸፍን ከነበረው ረጅም ሣር ዛሬ የቀረው ከመቶ አራት እጅ እንኳ አይሞላም። ከቀረው አብዛኛው ያለው እዚህ ነው። ምክንያቱ ድንጋይ ነው። ከአፈሩ ሥር ያለው ባልጩት ማረሻ ስለሚሰብር ገበሬው ትቶት ለከብት ግጦሽ አዋለው። ሣሩም ተረፈ።

ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ መኪናውን አቁማችሁ በእግር ግቡበት። ሣሩ በአንዳንድ ቦታ ከሰው ቁመት ይበልጣል። ቀለሙ ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ዳማ መሄድ ጀምሯል። ንፋስ ሲመጣ ከሩቅ ይታያል፤ ኮረብታውን እያጎነበሰ ወርዶ እናንተ ጋ ሲደርስ ፊታችሁን ይነካል። በጥበቃ ሥር ባለው መስክ ከ2009 ጀምሮ ጎሾች ተመልሰው እየኖሩ ነው፤ ከሩቅ ብቻ እዩአቸው፣ ወደ ጎሽ አይጠጉም። ካንሳስ 177 የሚባለው መንገድ ይህን አገር ከሰሜን ወደ ደቡብ ይቆርጠዋል። ከዋናው መንገድ ወጥቶ ለእሱ ግማሽ ቀን የሰጠ ሰው ስለ ካንሳስ የሚያወራው ሌላ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ምዕራብ ካንሳስ በእርግጥም ሜዳ ነው። እኔ እወደዋለሁ። ትልልቆቹ የእህል ጎተራዎች ከብዙ ማይል ርቀት ብቅ ይላሉ። አንዱን አልፋችሁ ብዙም ሳትሄዱ የሚቀጥለው ከተማ ጎተራ አድማሱ ላይ ይነሳል። ዶጅ ሲቲና ጋርደን ሲቲ አካባቢ የከብት ማደለቢያው ሽታ ይቀበላችኋል፤ መስኮት ዝጉ።

ኮሎራዶ ስትገቡ ዩኤስ 50 ከፑዌብሎ በኋላ ወደ ተራራ ይወጣል። ሞናርክ ፓስ ላይ ከፍታው 11,312 ጫማ ነው፣ 3,448 ሜትር ማለት ነው። ከዚህ አናት በአንዱ ወገን የዘነበው ወደ አትላንቲክ፣ በሌላው የዘነበው ወደ ፓሲፊክ ይፈሳል። መውጣቱ ቀላል ነው። ቁም ነገሩ መውረዱ ላይ ነው። አውቶማቲክ መኪናም ቢሆን ወደ ትንሽ ማርሽ አውርዱትና ሞተሩ ራሱ ይያዘው። ፍሬን ላይ እግሩን ተክሎ የሚወርድ መኪና ከሩቅ ያስታውቃል፤ የተቃጠለ ሽታው ከኋላ ላለው ሁሉ ይደርሳል። ያን ሽታ ከራሳችሁ መኪና ከሰማችሁ መጀመሪያ ባገኛችሁት ሰፊ ጥግ አቁማችሁ አቀዝቅዙት።

ትንሽ መንገድ የሚጠይቀው ዋጋም አለ። በኤፕሪል 2024 በዚሁ በዩኤስ 50 ላይ፣ ከጋኒሰን ምዕራብ ብሉ ሜሳ የሚባለው የውሃ ማጠራቀሚያ ላይ ያለው ድልድይ ስንጥቅ ተገኝቶበት ተዘጋ። ለወራት መንገዱ ተቆራረጠ፤ መዞሪያው ሰዓታት የሚፈጅ ነበር። ኢንተርስቴት ሲዘጋ ብዙ ጊዜ ቅርብ መዞሪያ ይገኛል። በተራራ መካከል ያለ አንድ መንገድ ሲዘጋ ግን አለቀ። ስለዚህ ትንሹን መንገድ ከመረጣችሁ ከዋዜማው ማታ የግዛቱን የመንገድ መረጃ እዩ። በብዙ ግዛቶች 511 መደወልም ይቻላል። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ነው የጋሼ ስምንተኛ ሰዓት የምትጠቅመው።

ዩታ ውስጥ መንገዱ ከኢንተርስቴት 70 ጋር ይቀላቀላል። ከግሪን ሪቨር እስከ ሳላይና ከ100 ማይል በላይ ማደያ የለም። ምንም የለም። ቀይና ነጭ ገደል፣ ሰማይ፣ የእረፍት መቆሚያ፣ በቃ። ግሪን ሪቨር ላይ ግማሽ ታንክ ቢኖራችሁም ሙሉት። ውሃም ያዙ። በምዕራቡ የኔ ሕግ ታንኩ ግማሽ ሲደርስ መሙላት ነው፤ ማደያ ሲገኝ እንጂ ሲያስፈልግ አይሞላም።

ከዚያ ኔቫዳ። ላይፍ የተባለው መጽሔት በጁላይ 1986 ይህን ክፍል በአሜሪካ ከሁሉ የበለጠ ጭር ያለ መንገድ ብሎ ጻፈበት፤ ሰው እንዳይሄድበት ለማስጠንቀቅ። የግዛቱ ሰዎች ግን ስሙን ወደዱት፣ ምልክት አሠርተው ተከሉት። ከኢሊ ዩሪካ 77 ማይል፣ ከዩሪካ ኦስቲን 70 ማይል፣ ከኦስቲን ፋለን 110 ማይል። በመካከላቸው ከተማ የለም። መንገዱ አንድ ተራራ ይወጣል፣ ከአናቱ ላይ ሸለቆው ወለል ይላል፣ መንገዱም ቀጥ ብሎ ወርዶ ከማዶ ያለው ተራራ ሥር ሲገባ ይታያል። ሃያ ደቂቃ በቀጥታ ትነዳላችሁ። ትወጣላችሁ። እንደገና ሸለቆ። እንደገና ቀጥታ። ከፊት የሚመጣ መኪና ገና በሩቅ እንደ ነጥብ ይታይና ብዙ ቆይቶ አጠገባችሁ ይደርሳል። ሾፌሩ መሪው ላይ ካለው እጁ አንድ ጣት አንስቶ ሰላም ይላችኋል። እናንተም ታነሳላችሁ። በኢንተርስቴት ላይ በሺህ የሚቆጠር መኪና አልፌ ማንም ሰላም ብሎኝ አያውቅም።

እዚህ ላይ ነው ቀኖቼን የማፈሰው። ከዩታ ድንበር እንደተሻገራችሁ ግሬት ቤዝን ብሔራዊ ፓርክ አለ። ዊለር ፒክ ከበረሃው ላይ እስከ 13,065 ጫማ ይነሳል፤ ወደ 3,982 ሜትር ነው። ተራራው ላይ ሺህ ዓመታት ያስቆጠሩ፣ ንፋስ ያጣመማቸው የጥድ ዛፎች ቆመዋል። ማታ ከተማ የሚባል መብራት ስለሌለ ሰማዩ ጢም ብሎ በኮከብ ይሞላል። አንድ ሌሊት ማደር ያንሰዋል።

ስለ መንገዱ ይህን ያህል ካልኩ ስለ መጓጓዣው ላሳጥር። የራሳችሁ መኪና ደህና ከሆነ እሱን ያዙ፤ ጎማውን፣ ፍሬኑንና የሞተር ውሃውን አስፈትሻችሁ። ቅያሪ ጎማ መኖሩን ራሳችሁ እዩ፤ ብዙ አዳዲስ መኪኖች ያለ ቅያሪ ጎማ ነው የሚመጡት። ኪራይ ከሆነ ከቀን ዋጋው ይልቅ በሌላ ከተማ ለመመለስ የሚጨመረውን ክፍያ ጠይቁ፤ አንዳንዴ ከኪራዩ ይበልጣል። የማይል ገደብ መኖር አለመኖሩን፣ ሁለተኛ ሾፌር ማስመዝገቢያውንና ከ25 ዓመት በታች ለሆነ ሰው የሚጨመረውንም እንዲሁ። የኤሌክትሪክ መኪና በኢንተርስቴት ላይ አሁን አያስቸግርም። በትንንሹ መንገድ ግን ቻርጅ ማድረጊያው የተራራቀ ነው፤ በብርድ ጊዜ ባትሪው የሚሄደው ርቀትም ያጥራል። መኝታ ያለው ትልቁ መኪና ለልጆች ደስ ይላል፤ ነገር ግን በጋሎን 8 ወይም 10 ማይል ነው የሚሄደው፣ በተራራ ጠመዝማዛ ላይም ሾፌሩን ያደክማል። ብዙ ቀን አንድ ቦታ ለሚሰፍር ሰው እንጂ በየቀኑ ለሚነሳ ሰው አልመክረውም።

መንዳት የማይወድ ሰውም አገሩን ከመሬት ማየት ይችላል። ከቺካጎ ሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ እስካለችው ኤመሪቪል የሚሄደው ካሊፎርኒያ ዜፈር የተባለው ባቡር 2,438 ማይል ከ50 ሰዓት በላይ ወስዶ ያቋርጠዋል። በኮሎራዶ ወንዝ ገደል ውስጥ መኪና የማይገባበትን ያሳያል። የሚዘገይበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ በደረሰበት ቀን ቀጠሮ አትያዙ።

የአንድ ሳምንት ፈቃድ ብቻ ላለው ሰው ግን ምክሬ ቁርጥ ያለ ነው። ሙሉውን አታቋርጡ። ዴንቨር ድረስ በረሩ፣ እዚያ መኪና ተከራዩና ምዕራቡን ብቻ ንዱ። ከባሕር እስከ ባሕር ነዳሁ ለማለት ሲባል ሳምንቱን ሙሉ መሪ ላይ ተጣብቆ ማሳለፍ ለኔ አይዋጥልኝም። ግማሹን አገር በደንብ ያየ ሰው ብዙ አይቷል።

ወቅቱ ደግሞ ሁሉንም ይሽራል። በክረምት ኢንተርስቴት 80 ዋዮሚንግ ውስጥ በላራሚና በሮሊንስ መካከል በበረዶና በንፋስ በተደጋጋሚ ይዘጋል። ጋሼ ስለ ንፋሱ ሲያወራ ድምፁ ይቀየራል። "ባዶ ተሳቢ ይዘህ ከሆነ ንፋሱ ያነሳሃል" ይላል። በታኅሣሥና በጥር ሰሞን መሄድ ግድ ከሆነ ደቡቡን ያዙ፤ ኢንተርስቴት 40 ወይም ከሱም በታች 10። ርቀቱ ቢጨምርም ጤና ይበልጣል። 40ም ቢሆን በሰሜን አሪዞና ፍላግስታፍ ላይ በረዶ አለው። በካሊፎርኒያ ዮሰሚቲ ብሔራዊ ፓርክን የሚያቋርጠው ቲዮጋ መንገድ ብዙውን ጊዜ ከኖቬምበር እስከ ሜይ መጨረሻ ወይም ጁን ዝግ ነው። ሞንታናና ዋዮሚንግ መካከል ያለው ቤርቱዝ ሀይዌይም ከሜይ መጨረሻ እስከ ኦክቶበር ገደማ ብቻ ነው የሚከፈተው። ሰው በኤፕሪል አቅዶ እዚያ ድረስ ሄዶ የብረት በር ይጠብቀዋል። ለኔ ከሁሉ የተሻለው ወር ሴፕቴምበር ነው። ትምህርት ቤት ስለሚከፈት ሰው ይቀንሳል፣ ሙቀቱ ይበርዳል፣ ከፍተኛዎቹ መንገዶችም ገና አልተዘጉም።

ለሚቀጥለው ጉዞ አትላሱ ሰሜኑ ላይ ተገልጦ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ዩኤስ 20ን እያየሁ ነው። ከቦስተን እስከ ኦሪገን ኒውፖርት 3,365 ማይል ገደማ ነው፤ ከአገሩ መንገዶች ሁሉ ረጅሙ፣ የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ላይ ብቻ ስሙ የሚቋረጥ። ሁሉንም በእሱ አልሄድም። እስከ አዮዋ በ90 እና በ80 እከንፍና የዝግታ ቀኖቼን ሰሜን ነብራስካ ላይ አወርዳቸዋለሁ፤ ከቫለንታይን እስከ ቻድሮን፣ ሳንድ ሂልስ በሚባለው ሣር በለበሰ የአሸዋ ኮረብታ መካከል። የቀረኝ ቤርቱዝ ሀይዌይ ሳይዘጋ ለመድረስ ከቤት በየትኛው ሳምንት እንደምነሳ መወሰን ነው።